የሰውነት ቢሻው መዝገብ

ክፍል አንድ
የግማሽ ሰዓት ዕድል

በ2006 ዓ.ም. አጋማሽ የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን የብሔራዊ ቡድኑን ዋና አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻውን አሰናበተ። ዋልያዎቹ በተከታታይ ተሸንፈው ነበር። በመጨረሻው ውድድራቸው አንድ ጎል እንኳ አላገቡም። “አሰልጣኙ ይውረዱ” የሚለው ድምፅ በርትቶ ነበር፣ ወረዱም። ጉዳዩም በዚያው አበቃ ተባለ።

እኔ መዝገቡ በችኮላ ተዘግቷል እላለሁ። ቡድን ሲሸነፍ አሰልጣኝ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ኃላፊነቱን ሲረከብ ያወቀው ነገር ነው። ነገር ግን ጥፋትን ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ጭኖ መሸኘት ፍርድ አይባልም። ስለዚህ በአራት ሳምንት ይህን መዝገብ ገጽ በገጽ እንገልጠዋለን። አሰልጣኙ የሚጠየቁበትን አልሸፍንም፤ የማይጠየቁበትንም አላሸክማቸውም።

ታሪኩ የሚጀምረው ከኦምዱርማን ነው። ጳጉሜ 3 ቀን 2004 ዓ.ም. ዋልያዎቹ በአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ በሱዳን 5 ለ 3 ተረቱ። አምስት ጎል ተቆጥሮባቸው ተመለሱ፤ ይሁን እንጂ ከሜዳ ውጪ ያገቧቸው ሦስት ጎሎች ተስፋውን አቆዩት። አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 ማሸነፍ ከተቻለ ድምሩ 5 ለ 5 ይሆናል፣ ከሜዳ ውጪ በተቆጠረ ጎልም ኢትዮጵያ ታልፋለች።

ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ከመሠረቱት አገሮች አንዷ ናት። በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን አንሥታለች። ከ1974ቱ የሊቢያ ውድድር በኋላ ግን 31 ዓመት ሙሉ በሩ ተዘግቶባት ቆየ። በእነዚያ ዓመታት የአገር ውስጥም የውጭም አሰልጣኞች ተፈራርቀዋል። ሁሉም ተቀጠሩ፣ ሁሉም ተሰናበቱ፣ በሩ ግን አልተከፈተም።

እሑድ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። የመጀመሪያው አጋማሽ ያለ ጎል አለቀ። ከዕረፍት መልስ አዳነ ግርማ አገባ። ደስታው ሳይበርድ ሳላዲን ሰኢድ ደገመ። 2 ለ 0! የዳኛው ፊሽካ ሲነፋ ከተማው ወደ አደባባይ ወጣ። ሥራውን የሠሩት በሰውነት ቢሻው የሚመሩ የአገር ልጆች ነበሩ፤ የአሰልጣኙ ስም በሰው ሁሉ አፍ ገባ።

ከዚያ የምድብ ድልድሉ ወጣ። ዛምቢያ፣ ናይጄሪያ፣ ቡርኪና ፋሶ። ዛምቢያ የወቅቱ የአፍሪካ ሻምፒዮን ነበረች።

ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካዋ ኔልስፕሩይት ከተማ የስታዲየሙ መቀመጫ በአረንጓዴ ቢጫ ቀይ ተጥለቀለቀ። በዚያች አገር ሠርተው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሱቃቸውን ዘግተው፣ ረጅም መንገድ ተጉዘው መጥተዋል። ዋልያዎቹ በጊዜ ፍፁም ቅጣት ምት አገኙ፤ ሳላዲን የመታውን ግብ ጠባቂው ኬኔዲ ምዌኔ አዳነው። ብዙም ሳይቆይ የእኛው ግብ ጠባቂ ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። ዕረፍት ሊሆን ሲል ኮሊንስ ምቤሱማ ለዛምቢያ አገባ። አንድ ሰው የጎደለው፣ አንድ ጎል የተቆጠረበት፣ ፍፁም ቅጣት ምት ያመከነ ቡድን ሻምፒዮኑ ፊት ቆሟል። አብዛኛው ቡድን እዚህ ላይ ይፈርሳል። ዋልያዎቹ ግን ተነሡ፤ አዳነ ግርማ አቻ አደረገ። 1 ለ 1።

ከአራት ቀን በኋላ ቡርኪና ፋሶ መጣች። በመጀመሪያው አጋማሽ አላን ትራኦሬ አገባና 1 ለ 0 መራች። አንድ ሰዓት ያህል እንደተጫወቱ የቡርኪና ፋሶ ግብ ጠባቂ አብዱላዬ ሱላማ ከክልሉ ውጪ ኳስ በእጁ ነካ። ቀይ ካርድ!

አሁን ኢትዮጵያ በ11፣ ቡርኪና ፋሶ በ10። የቀረው ግማሽ ሰዓት፣ የሚያስፈልገው አንድ ጎል። ሰውነት ቢሻው ከተቀያሪ ወንበሩ ተነሥተው ወደ መስመሩ ቀረቡ። ከዚህ በኋላ በነበሩት ሠላሳ ደቂቃዎች የሆነው ነገር በእሳቸው ላይ የሚቀርበው የመጀመሪያው ክስ ነው።

ሳምንት ይቀጥላል።

ክፍል ሁለት
ከዙሪክ የመጣው ወሬ

ባለፈው ሳምንት ያቆምነው ቡርኪና ፋሶ በጎደሎ ስትቀር ነበር።

ጎል ተቆጠረ። ያገባው ግን ባለ አሥሩ ቡድን ነው። ትራኦሬ ሁለተኛውን አከለ፣ ጃካሪጃ ኮኔ ሦስተኛውን፣ በጭማሪው ሰዓት ዦናታን ፒትሮይፓ አራተኛውን። ኢትዮጵያ ሙሉ ቡድን ይዛ፣ ጎደሎ በሆነ ተጋጣሚ ሦስት ጎል ተቆጠረባት። 4 ለ 0።

ይህን ክስ ሳልሸራርፍ እቀበለዋለሁ። ተጋጣሚ ሰው ሲጎድልበት ወደ ኋላ ተሰብስቦ ክፍተት ይዘጋል፤ ኳስ የያዘው ቡድን ደግሞ ቸኩሎ ሁሉም ወደ ፊት ይነጉዳል። ከተከላካዮቹ ጀርባ የሚቀረው ባዶ ሜዳ እንደ ፒትሮይፓ ላለ ፈጣን ተጫዋች የተመቸ ነው። በዚያች ሰዓት ቡድኑን ማረጋጋት፣ ኳሱን ከመስመር መስመር እያመላለሱ ተጋጣሚን ማድከም፣ ሁለት ሰው ከኋላ ማስቀረት የአሰልጣኝ ሥራ ነው። ፌዴሬሽኑ አይሠራውም፤ ደጋፊውም አይሠራውም። ያቺ ግማሽ ሰዓት በሰውነት ቢሻው ስም ትመዘገባለች።

ሦስተኛው ጨዋታ ከናይጄሪያ ጋር ነበር። ዋልያዎቹ እስከ መጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች ያለ ጎል ቆዩ። ከዚያ ቪክተር ሞሰስ ሁለት ፍፁም ቅጣት ምት አገባ። በሁለተኛው ግብ ጠባቂው ሲሳይ ባንጫ በቀይ ወጣ፤ ቅያሪ ስላለቀ የሜዳ ተጫዋች ጓንት አጠለቀ። 2 ለ 0። በሦስት ጨዋታ አንድ ነጥብ፣ አንድ ጎል፣ የምድቡ መጨረሻ።

“ደካማ ውጤት” ተባለ። ቁጥሩ እውነት ነው። የቁጥሩን ትርጉም ለመረዳት ግን የተጋጣሚዎቹን መጨረሻ ማየት ያስፈልጋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ የዚያ አፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ላይ የቆሙት ናይጄሪያና ቡርኪና ፋሶ ናቸው። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ተመልሳ የገባችው ከቀድሞው ሻምፒዮን፣ ከአዲሱ ሻምፒዮንና ከሁለተኛው ጋር አንድ ምድብ ውስጥ ነበር። አሰልጣኙ የቡርኪና ፋሶውን ግማሽ ሰዓት ይጠየቁበታል፤ የምድቡን መጨረሻ መያዝ ግን ለብቻው የጥፋት ማስረጃ አይሆንም።

እሳቸው ሥራቸው ላይ ቆዩ። ቀጣዩ ጉዞ ወደ ብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ነበር። እዚህ ላይ ቡድኑ ያላሰቡትን ሁሉ አስደነቀ። ማጣሪያው የተጀመረው ከአፍሪካ ዋንጫው በፊት ነበር፤ በደቡብ አፍሪካ ሜዳ 1 ለ 1 ወጣ። መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 0 ረታ። ቦትስዋናን መጋቢት 15 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 1 ለ 0፣ ሰኔ 1 ቀን በራሷ ሜዳ 2 ለ 1 አሸነፈ።

ሰኔ 9 ቀን፣ እሑድ፣ ደቡብ አፍሪካ አዲስ አበባ ገባች። ሒሳቡ ግልጽ ነው፤ ኢትዮጵያ ካሸነፈች 13 ነጥብ ይኖራታል፣ አንድ ጨዋታ እየቀረ ማንም አይደርስባትም፣ ወደ መጨረሻዎቹ አሥር ቡድኖች ታልፋለች። በርናርድ ፓርከር ለእንግዶቹ ቀድሞ አገባ። ዕረፍት ከመውጣታቸው በፊት ጌታነህ ከበደ አቻ አደረገ። በሁለተኛው አጋማሽ ያው ፓርከር በገዛ ጎሉ ላይ አገባ። 2 ለ 1!

ያንን ማምሻ ያየ ሰው አይረሳውም። የመኪና ጥሩምባ፣ ባንዲራ፣ የማይተዋወቅ ሰው ሲተቃቀፍ። የሰውነት ቢሻው ስም በዘፈን ተጠራ። ኢትዮጵያ የዓለም ዋንጫ በር ላይ ቆማለች።

በዚያው ዕለት ከፊፋ ዋና መሥሪያ ቤት ከዙሪክ መግለጫ ወጣ። በሰኔ 1ዱ የቦትስዋና ጨዋታ ላይ ኢትዮጵያ ያሰለፈችው አንድ ተጫዋች ምርመራ ተከፍቶበታል። የተጫዋቹ ስም ምንያህል ተሾመ ነው።

ሳምንት ይቀጥላል።

ክፍል ሦስት
ሁለት ቢጫ ካርድ

ምንያህል ተሾመ በማጣሪያው ሁለት ቢጫ ካርድ አይቷል፤ አንዱን በደቡብ አፍሪካው የመጀመሪያ ጨዋታ፣ ሌላውን አዲስ አበባ ላይ ከቦትስዋና ጋር። ደንቡ በተለያዩ ሁለት ጨዋታዎች ቢጫ ያየ ተጫዋች ቀጣዩን አይሰለፍም ይላል። ቀጣዩ ደግሞ የሰኔ 1ዱ ነበር። ምንያህል ተሰለፈ።

ፌዴሬሽኑ ስህተቱን አመነ። ፊፋ የ2 ለ 1ዱን ድል ሰርዞ ለቦትስዋና 3 ለ 0 ሰጠ። 13 የነበረው ነጥብ 10 ሆነ። ደቡብ አፍሪካ 8 ነጥብ ይዛ ከኋላ ደረሰች። ትናንት በአደባባይ የተጨፈረለት ማለፍ ዛሬ እንደገና መለመን ሆነ።

ጥፋቱ የማነው? ይህ የመዝገቡ ከባዱ ገጽ ስለሆነ እዚህ ላይ እንቆይ። አሰላለፉን የሚወስነው አሰልጣኙ ነው፤ ተጫዋቹ ካርድ ሲያይ ከመስመሩ ዳር ቆመው አይተዋል። “አላየሁም” ሊሉ አይችሉም። ግን የማጣሪያው ጨዋታዎች በዓመት ርቀት የተበተኑ ናቸው፤ የመጀመሪያው ካርድ የታየው ግንቦት 2004 ላይ ነው። የቅጣት መረጃ ከፊፋ የሚመጣው ለፌዴሬሽኑ ጽሕፈት ቤት ነው። ያንን ተቀብሎ፣ መዝግቦ፣ ለቡድን መሪው አሳውቆ፣ ከጨዋታ በፊት “ይህ ተጫዋች አይሰለፍም” ማለት የቢሮ ሥራ ነው። ቡድን መሪ የሚሾመው፣ ዋና ጸሐፊ የሚቀመጠው አሰልጣኙ አእምሮውን ለሜዳው እንዲተው ነው።

ችግሩ የእኛ ብቻም አልነበረም። በዚያው ሰሞን ቶጎና ኢኳቶሪያል ጊኒ ማሰለፍ የማይገባቸውን ተጫዋች አሰልፈው ነጥብ ተቀምተዋል። ኬፕ ቨርዴም ቱኒዚያን 2 ለ 0 አሸንፋ ወደ መጨረሻው ዙር ካለፈች በኋላ የታገደ ተጫዋች አሰልፋ ተገኝታ ቦታዋን ሙሉ በሙሉ አጣች። አራት አገር በአንድ ማጣሪያ በአንድ ዓይነት ጥፋት ሲወድቅ፣ የአራት አሰልጣኞች መርሳት አድርጎ ማየት ይከብዳል። የሚታየው የፌዴሬሽኖቹ የመዝገብ አያያዝ ነው። ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፤ አሰልጣኙ ከዚህ ጥፋት ድርሻ አላቸው፣ ትልቁ ድርሻ ግን የጽሕፈት ቤቱ ነው። ሦስቱን ነጥብ ያጣነው በአጨዋወት አልነበረም።

አሁን ደግሞ ወደ ብራዛቪል። መካከለኛው አፍሪካ በመፈንቅለ መንግሥት ታምሳ ስለነበር ጨዋታው በኮንጎ ተደረገ። ጳጉሜ 2 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ የዘመን መለወጫ ሊገባ ሲል። በዚያው ቀን ደቡብ አፍሪካ በሜዳዋ ቦትስዋናን 4 ለ 1 አሸነፈች፣ 11 ነጥብም ያዘች። ኢትዮጵያ አቻ ብትወጣ እሷም 11 ይኖራትና በጎል ልዩነት ትወድቅ ነበር። ማሸነፍ ብቻ ነበር የሚያዋጣው። መካከለኛው አፍሪካ ቀድማ አገባች።

በጽሕፈት ቤት ስህተት የተቀማ ነጥብ ከኋላ እየገፋ፣ በሰው አገር ሜዳ፣ ከኋላ ተነሥቶ ማሸነፍ ጠንካራ ቡድን ይጠይቃል። ዋልያዎቹ 2 ለ 1 አሸነፉ። ያን ቀን ቡድኑን ከመፍረስ ያዳነው ማነው? ሽንፈት ሲመጣ ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው ሰው፣ ለዚህም ቀድሞ ሊነሣ ይገባል።

አሥሩ አገሮች በዕጣ ተጣመሩ። የእኛ ዕጣ ናይጄሪያ ሆነ፤ አሁን የአፍሪካ ሻምፒዮን የሆነችው ናይጄሪያ። ሁለት ጨዋታ፣ አሸናፊው ብራዚል ይሄዳል።

ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ስታዲየም። ከዕረፍት መልስ በኃይሉ አሰፋ አገባ! ስታዲየሙ ተናወጠ። ለአሥር ደቂቃ ያህል ኢትዮጵያ ከብራዚል አንድ እግር ቀርቷት ነበር። ከዚያ ኢማኑኤል ኤሜኒኬ ተከላካዮቹን አልፎ አቻ አደረገ። 1 ለ 1። ሰዓቱ ይነጉዳል። በአቻ ቢያልቅ ካላባር ላይ ተስፋ አለ።

90ኛው ደቂቃ። በኢትዮጵያ የፍፁም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ ጥፋት ተሠራ። ዳኛው ፊሽካቸውን ነፉ። ኤሜኒኬ ኳሱን አስቀመጠ።

ሳምንት ይቀጥላል።

ክፍል አራት
ፍርድ

ኤሜኒኬ አገባ። 2 ለ 1።

ኅዳር 7 ቀን በካላባር ናይጄሪያ በቪክተር ሞሰስና በቪክተር ኦቢና ጎሎች 2 ለ 0 አሸነፈች። በድምሩ 4 ለ 1 ብራዚል ለናይጄሪያ ሆነ። ኢትዮጵያ በታሪኳ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ለዓለም ዋንጫ ይህን ያህል አልቀረበችም።

ከሁለት ወር በኋላ ቡድኑ እንደገና ደቡብ አፍሪካ ነበር፤ በአገር ውስጥ ሊግ የሚጫወቱ ብቻ በሚሳተፉበት በቻን ውድድር። ሊቢያ 2 ለ 0፣ ኮንጎ 1 ለ 0፣ ጋና 1 ለ 0። ሦስት ጨዋታ፣ ሦስት ሽንፈት፣ ምንም ጎል። ስንብቱም ተከተለ።

ይህ ሁለተኛው የምቀበለው ክስ ነው። ሳላዲን ሰኢድንና ጌታነህ ከበደን የመሳሰሉ በውጭ የሚጫወቱ አጥቂዎች በደንቡ መሠረት አልነበሩም። ቡድኑ በእነሱ ላይ ምን ያህል ተንጠልጥሎ እንደነበር ታየ። ከሁለት ዓመት በላይ ቡድን የያዘ አሰልጣኝ ያለ ዋና አጥቂዎቹ ጎል የሚያገኝበትን ሁለተኛ መንገድ ማዘጋጀት ይጠበቅበታል። በሦስት ጨዋታ 270 ደቂቃ አንድ ጎል ሳይገኝ ሲያልቅ አሰልጣኙ መልስ ሊሰጡበት ይገባል።

እንግዲህ ሚዛኑን እናንሣ። በአሰልጣኙ እጅ የነበሩት ሁለት ናቸው፤ የቡርኪና ፋሶው ግማሽ ሰዓትና የቻኑ የጎል ድርቅ። የጋራ የሆነው አንድ፣ የምንያህል ካርድ። በእሳቸው እጅ ያልነበረው ግን ከሁሉም ይበዛል። ታዳጊዎችን ማሳደግ፣ የሊጉ ጥራት፣ ሜዳ፣ የወዳጅነት ጨዋታ፣ የመዝገብ አያያዝ። ጎል አግቢ በዘጠና ቀን አይፈጠርም፤ በአሥራ ሁለት ዓመቱ ከሰፈር ሜዳ ተለቅሞ፣ ተኮትኩቶ፣ በየዕድሜው ተፈትኖ ነው የሚመጣው። ያን ሥራ ብሔራዊ አሰልጣኝ አይሠራውም፤ ያለውን ተረክቦ ያሰልፋል።

ጥፋቱ በአንድ ሰው ቢሆን ኖሮ ሰውየው ሲሄድ ነገሩ ይቃና ነበር። ቀጥሎ የሆነውን እንይ። ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ መጡ። በቀጣዩ የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ከአልጄሪያ፣ ማሊና ማላዊ ጋር በተደረጉ ስድስት ጨዋታዎች ዋልያዎቹ 4 ነጥብ አግኝተው የምድቡ መጨረሻ ሆኑ። ባሬቶም በ2007 ዓ.ም. ተሰናበቱ። በዮሐንስ ሳህሌ ጊዜ አልጄሪያ 7 ለ 1 አሸነፈችን። እሳቸውም ተሸኙ። በውበቱ አባተ ጊዜ ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. ካሜሩን ላይ እንደገና አፍሪካ ዋንጫ ገባች። ውጤቱስ? በሦስት ጨዋታ አንድ ነጥብ፣ የምድቡ መጨረሻ። ሰውነት ቢሻው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ያመጡት ያው አንድ ነጥብ። በዚያው ዓመት ዋልያዎቹ ግብፅን 2 ለ 0 ሲረቱ “የሜዳችን” ጨዋታ የተካሄደው በማላዊ ሊሎንግዌ ነበር፤ አገራችን ካፍ የሚቀበለው ስታዲየም ስላልነበራት። ውበቱም በተራቸው ሄዱ።

አሰልጣኝ ተቀያየረ፣ ቁጥሩ ግን ባለበት ቀረ። ይህ ማስረጃ ስንብቱ ችግሩን እንዳልነካው ያሳያል። የናይጄሪያው አሰልጣኝ ስቴፈን ኬሺም ከዚህ አላመለጡም፤ የአፍሪካ ዋንጫን ባነሡ ማግስት መልቀቂያ አስገቡ፤ በውድድሩ መሐል ሊያባርሯቸው ታስቦ እንደነበር በመግለጽ፤ በኋላ ሐሳባቸውን ለወጡ። ሻምፒዮኑም ያን ያህል ካልተማመነበት፣ የተሸነፈው ምን ተስፋ አለው?

አባቶች “አህያውን ፈርተው ዳውላውን” ይላሉ። አሰልጣኝ ዳውላው ነው፤ የሚታይ፣ ለመምታት የሚቀርብ፣ መልሶ የማይረግጥ። ጭነቱን የተሸከመው ሥርዓት ግን ሳይነካ ይቀጥላል።

ስለዚህ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ፌዴሬሽኑ አሰልጣኝ ሲቀጥር ስንት የዝግጅት ቀን፣ ስንት የወዳጅነት ጨዋታ፣ ምን ዓይነት ባለሙያ እንደሚሰጠው ለሕዝብ ይፋ ያድርግ። ያልተሰጠውን ይዞ የተሸነፈ ሰው አይጠየቅበትም። ሁለተኛ፣ ከእያንዳንዱ ማጣሪያ በኋላ የትኛው ውሳኔ የማን እንደነበረ የሚዘረዝር ግምገማ ይውጣ፤ የካርድ መዝገቡን የያዘው ሰውም በስም ይጠየቅ። ሦስተኛ፣ አሰልጣኝ የሚሰናበተው በእጁ በነበረው ነገር ሲወድቅ ይሁን፤ እሱ ሲሄድ ሌላው ተጠያቂ ቦታው ላይ ተደላድሎ አይቅር።

ደጋፊው የመቆጣት መብት አለው። ጉልበቱንና ገንዘቡን ያፈሰሰ፣ ዝናብ ላይ የቆመ ሰው ነው። ቁጣው ግን ወደ ትክክለኛው በር ካልሄደ በየሁለት ዓመቱ አዲስ ሰው እየተቀበልን አሮጌውን ሽንፈት እንደግማለን። ሰውነት ቢሻው የቡርኪና ፋሶውን ግማሽ ሰዓትና የቻኑን ድርቅ ይዘው ይሂዱ፤ ድርሻቸው ነው። ከ31 ዓመት በኋላ የአፍሪካ ዋንጫን በር የከፈተውን ቡድን፣ ከዓለም ዋንጫ በሁለት ጨዋታ ርቀት ላይ የቆመውን ቡድን የመሩት እሳቸው መሆናቸውም ከዚያው መዝገብ ላይ ይጻፍ። የቀረው ዕዳ ባለቤት አለው፤ ዕዳውም ከእሱ ይጠየቅ።

ተፈጸመ።